የታንኳ ጠብታ፣ የወፍጮ ጉምጉምታ፦ ባሕር ዳር ሆናችሁ ባለ 4 ትራክ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ኢፒ የምታወጡበት መመሪያ

«ከስልክና ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ በቀር ምንም የለኝም። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ኢፒ ማውጣት እችላለሁ?» ይህ ጥያቄ በቴሌግራም ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መልሱ አዎ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከሀ እስከ ፐ ስጽፍ ጣቴ ስለዛለ ግን ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ የምልከው ይህንን ነው።

ኢፒ ከአልበም ያጠረ የሙዚቃ ስብስብ ነው፤ የምንሠራው እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ገደማ የሆኑ 4 ትራኮች ነው። ከበሮውም ቤዙም ራሳችን ከቀዳነው ድምፅ ይወጣል፤ ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ቁራጭ ሙዚቃ) አንጠቀምም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ ሉፕ በርሊን ያለውም ናይሮቢ ያለውም አውርዶታል። ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ሲንጠባጠብ የሚሰማውን ድምፅ ግን እናንተ ናችሁ ደጃችሁ ላይ ያላችሁ። ለመቅዳት ሦስት ቅዳሜ፣ ለመሥራት አንድ ወር፣ ለማውጣት ሌላ አንድ ወር ያዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው። በ4ም ይሠራል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ።
- የሙዚቃ ሶፍትዌር። እኔ የምመክረው ሪፐርን ነው፤ ከ20 ሜጋባይት በታች ስለሆነ የሞባይል ዳታ አይጨርስም። ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ጭራሽ ነፃ ከፈለጋችሁ ኤልኤምኤምኤስ አለ።
- ቪታል የሚባለው ነፃ ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ሶፍትዌር፣ ባጭሩ ሲንት)፣ ለማጽዳት ኦዳሲቲ፣ ለድምፅ ልክ ዩሊን ላውድነስ ሜትር። የሦስቱም ነፃ ቅጂ ይበቃል።
- ዌቭ (ድምፅ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) የሚቀዳ አፕ የተጫነበት ስልክ፣ ወይም ከሰው የተዋሳችሁት የእጅ መቅጃ።
- ባለ ገመድ ሄድፎን። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ምት ለማስተካከል አይሆንም።
- ክራር የሚቃኝበት ቱነር አፕ፣ የመነሻ ድምፁን ከተለመደው 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር የሚችል።
- ከልብስ ሰፊ የተረፈ ፀጉራም ጨርቅ፣ ካልተገኘ ወፍራም የሱፍ ካልሲ።
- ፓወር ባንክ፣ 2 ፍላሽ፣ ማስታወሻ ደብተር።
- ሙቀጫና ዘነዘና። ከእናታችሁ ጓዳ።

ክፍል አንድ፦ መቅዳት

አብዛኛው ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። በኋላ «ትራኬ ለምን ቀጭን ሆነብኝ?» ብለው የሚጽፉልኝም እነሱው ናቸው። እዚህ የተበላሸ ድምፅ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ አይድንም።

1. ሰዓቱን ምረጡ። ጣና ዳር የሚቀዳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ባጃጁ ይበዛል፣ የሞተር ጀልባዎቹ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ መነሣት ይጀምራሉ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይመጣል። ነፋስ ማይክ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ጉርምርምታ ቤዝና ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) የሚቀመጡበትን ቦታ ስለሚይዝ፣ እሱን ቆርጣችሁ ስታወጡ የምትፈልጉትም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያ ጊዜ እኔ ከምሳ በኋላ ሄጄ 40 ደቂቃ ቀዳሁ። ቤት ገብቼ ስሰማው በረንዳ ላይ የተሰጣ ሸራ በነፋስ የሚንጣጣ ነው የሚመስለው። ሁሉንም አጠፋሁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጎሕ ሳይቀድ አትገኙ። ጉማሬ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው፤ በእሱና በውሃው መሀል የቆመ ሰው አይወድም። ማይኩን ለማስጠጋት ብላችሁም በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ጣና ቢልሃርዚያ አለው። ድልድይ፣ ቤተ መንግሥት፣ ካምፕ አጠገብ ሄድፎን አድርጎ ገመድ መዘርጋት ደግሞ ሙሉ ቀን ስታስረዱ የምትውሉበት ነገር ነው። መታወቂያ ያዙ፤ የሰዓት ገደብ ካለም ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ።

2. ስልኩን አዘጋጁ። በመጀመሪያ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት። ጥሪ እንዳይገባ ብቻ አይደለም፤ ስልክ ከኔትወርክ ጋር ሲነጋገር የሚፈጥረው «ትትትት» የሚል ድምፅ መቅጃው ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ አፑን ዌቭ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ አስቀምጡ፤ ስልኩ 24 ካልቻለ 16 ይሁን። ኤምፒ3 ላይ አትቅዱ፤ ድምፁን በኋላ ስታዘገዩትና ስትዘረጉት የተጣለው ሁሉ እንደ ውሃ አረፋ ሆኖ ይሰማል።

አፑ ውስጥ የድምፅ መጠንን በራሱ የሚያስተካክል ምርጫ አለ፤ አጥፉት። ካልጠፋ ጸጥ ባለ ቁጥር ስልኩ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ጠብታ ሲወርድ ደግሞ ይደፍቀዋል፤ ጠብታና ዝምታ እኩል ይሆናሉ። ከፍተኛው ድምፅ መለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ያነሰ ይጨመራል፤ ጣሪያ ነክቶ የተሰበረ ግን አይጠገንም። ማይኩን በፀጉራሙ ጨርቅ ልቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት። አታጥብቁ፤ ነፋሱን የሚሰብረው በጨርቁና በማይኩ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

3. ታንኳውን ቅዱ። ስልክ ይዛችሁ ታንኳ ላይ አትውጡ። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ መቀመጫው ይረጥባል፣ ስልካችሁም እንዲሁ። ከዳር ሆናችሁ ጠብቁ። ባለ ታንኳውን ከመጀመራችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ ንገሩት፣ የሻይ ስጡ። «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ «ለሙዚቃ» ስትሉት ይስቃል፤ ከሣቀ በኋላ ደግሞ ራሱ «ይሄኛው ጎን ይጮኻል» እያለ ያሳያችኋል።

የሚፈለጉት ሦስት ድምፆች ናቸው። አንደኛው ታንኳው አሸዋና ድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ረጅም ሽርርታ ነው። ሁለተኛው በእጅ ሲነካካ ደረቁ ደንገል የሚለው ሲጥ ሲጥ ነው። ሦስተኛው ወርቁ ነው፦ ታንኳው እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከደንገሉ ውስጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ … ጠብ እያለ እየዘገየ ይሄዳል። ሰው ቁጭ ብሎ በማውስ የማያወጣው ምት ነው። ቢያንስ 6 ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅዱት፤ ጥሩው የሚመጣው ሰው ሰልችቶት መቅጃውን ከዘጋ በኋላ ነው።

ሁሉንም ድምፅ ከሦስት ርቀት ውሰዱ፤ ከአንድ ስንዝር፣ ከአንድ ሜትር፣ ከአምስት ሜትር። ቅርቡ ለከበሮ ይሆናል፣ መካከለኛው ለድጋፍ፣ ሩቁ ደግሞ ከሪቨርብ (በሶፍትዌር ከሚጨመር ማስተጋባት) የተሻለ የቦታ ስሜት ይሰጣል። በመጨረሻ ምንም ሳይሆን አንድ ደቂቃ ባዶውን ቅዱ። ኦዳሲቲ ጫጫታ ሲያጸዳ «ይህ ነው ጫጫታው» ብላችሁ የምታሳዩት ናሙና ያ ነው።

4. ወፍጮ ቤቱን ቅዱ። ይህ ለቤዝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቁጥር 8 ላይ ታያላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ፈልጉ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ እኔ የሄድኩበት ቤት ባለቤት «ጤፍ ሳይዝ ወፍጮ ቤት የመጣ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» ብለውኛል። ከበሩ ውጭ ሦስት አራት ሜትር ላይ ቁሙ፤ ውስጥ ከገባችሁ ድምፁ ማይኩን ይሰብረዋል፣ ዱቄቱም ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

ዋናው የሚፈለገው ሦስት ነው፦ ሲነሣ፣ ሲሠራ፣ ሲቆም። ሞተሩ ከዝቅተኛ ድምፅ እየጎላ የሚወጣባቸው ጥቂት ሰከንዶች ከትራክ ክፍል ወደ ክፍል መሸጋገሪያ ይሆናሉ፤ ሲጠፋ እየሰጠመ የሚወርደው ደግሞ ለማረፊያ። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት መቅጃውን ክፈቱ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም አትዝጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የሄድፎን ገመድ ወደ ቺንጋው እንዳይጠጋ። ቺንጋ ገመድ ከያዘ አንገታችሁንም አብሮ ነው የሚስበው።

5. ሙቀጫውን ቅዱ። ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍና ፍራሽ ባለበት ክፍል። ባዶውን ሙቀጫ በዘነዘና 20 ጊዜ ምቱ፤ አሥሩን በኃይል፣ አሥሩን በቀስታ፣ በእያንዳንዱ ምት መካከል ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ዝምታው ካልተጠበቀ የአንዱ ምት ጅራት የሌላው ራስ ላይ ይወድቃል። ቡና ያለበትም 10 ምት ጨምሩ፤ የፍሬው መሰባበር ለሃይ ሃት (ለቀጭኑ የከበሮ ድምፅ) ይሆናል። እናቴ በዚህ ሰበብ ቡናው ተወቀጠልኝ ብላ ደስ ብሏታል።

6. በዚያው ቀን ስም ስጡ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፋይሎቹን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ፦ ድምፁ፣ ርቀቱ፣ ቀኑ። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ጨርሶ አይከፈትም፤ ትራኩ ራሱ ግን የአማርኛ ስም ቢይዝ ችግር የለውም። አንድ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ፣ አንድ ፍላሽ ላይ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚሠጋው ላፕቶፑ ነውና ሶፍትዌሩ በየ2 ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ክፍል ሁለት፦ መሥራት

7. ምቱን በትክክል ክፈቱ። ከሁሉም ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው፦ «ለእስክስታ የሚሆን 6/8 ከፍቼ ምቱ ይንቀረፈፋል።» 6/8 ማለት በስድስት ስምንተኛ ኖታ የሚቆጠር ምት ነው፤ 4/4 ደግሞ በአራት ሩብ ኖታ። ምክንያቱ ይህ ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር ፍጥነትን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፤ የእኛ ባለ 6/8 ጭፈራ ደግሞ እግር የሚያርፈው በየሦስቱ ስምንተኛ ኖታ ላይ ነው። በ6/8 ፕሮጀክት ላይ 120 ብትጽፉ እግር የሚያርፈው በደቂቃ 80 ጊዜ ብቻ ነው። 120 እንዲያርፍ 180 መጻፍ ይኖርባችኋል።

ቀላሉ መንገድ፦ ፕሮጀክቱን 4/4፣ ፍጥነቱን 124 (በደቂቃ 124 ምት) አድርጉ፤ የፍርግርጉን (ምቱን የሚከፋፍሉትን መስመሮች) ክፍፍል ደግሞ ስምንተኛ ትሪፕሌት ላይ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ሁለት ምት አንድ 6/8 ይሆናል። ጥቅሙ ድርብ ነው፦ ለትከሻ የሚሆነው ሦስቱ አለ፣ የውጭ ዲጄ ደግሞ ከራሱ 4/4 ትራክ ጋር ያለ ችግር ሊያያይዘው ይችላል።

ጠብታዎቹን ፍርግርጉ ላይ በግድ አታስሯቸው። የመጀመሪያውን ጠብታ ብቻ ምቱ ላይ አሳርፉት፤ የቀሩት እንደተቀዱ ይውደቁ። ሁሉንም ካሰለፋችሁ ከማንኛውም የከበሮ ማሽን የማይለይ ድምፅ ነው የሚቀራችሁ፤ 12 ሰዓት ላይ የተነሣችሁትም በከንቱ ይሆናል።

8. ቅኝቱን ከወፍጮው አስማሙ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርም ትራንስፎርመርም የሚጎመጉመው በዚያው ቁጥርና በእጥፉ፣ በ100 ነው። በኖታ ሲለካ 50 ኸርዝ ከታችኛው ጂ 35 ሴንት (ከአንድ ግማሽ ድምፅ 35 መቶኛ) ከፍ ይላል፤ ማለትም በጂና በጂ ሻርፕ መካከል ወደ ጂ የሚያደላ ድምፅ ነው። ሲንቱን በተለመደው 440 ትታችሁ ወፍጮውን ከስር ብታስገቡ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ጆሮ ውስጥ «ው-ው-ው» የሚል መወዛወዝ ይፈጠራል። «ቤዜ ቆሻሻ ሆነ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይህ ነው።

መፍትሔው ወፍጮውን ማስተካከል ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ ማምጣት ነው፦

- ቪታል ላይ ጥቃቅን መቃኛውን 35 ሴንት ወደ ላይ አድርጉ።
- ቱነር አፑን ከ440 ወደ 449 ቀይሩ። 35 ሴንት ከፍ ማለት በቁጥር ይህ ነው።
- ክራር የምታስገቡ ከሆነ በዚህ ቱነር ቃኙት። ከቀዳችሁ በኋላ ሶፍትዌር ውስጥ አትጎትቱት፤ የጅማቱ ንዝረት ይለወጣል።

ትዝታን ከጂ ስትጀምሩ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። አምባሰልን ከፈለጋችሁ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት። ለጨለምለም ያለ ክለብ ትራክ አምባሰል የበለጠ ይሄዳል ባይ ነኝ፤ ከጂ አጠገብ ያለው ኤ ፍላት ከስር ከሚጎመጉመው ወፍጮ ጋር ውጥረት ይፈጥራል። ማሲንቆ ካለ ደግሞ እንደተጫወተው ይሁን፤ ድምፅ በሚያቃና ሶፍትዌር ውስጥ አታሳልፉት፤ መንሸራተቱ ነው ዜማው።

ወፍጮው በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ይህ ቁጥር አይሠራም። የቀዳችሁትን ለቱነሩ አሰሙትና በሚያሳያችሁ ቁጥር ሁሉንም ቃኙ።

9. ኪኩን ሥሩ። ከሙቀጫው ምቶች ደረቁን ምረጡና ትራክ ላይ አስቀምጡ። ሆድ የለውም፤ ስለዚህ ከስሩ ከቪታል ንጹሕ ሳይን ሞገድ ጨምሩ፤ ከ200 ኸርዝ ተነሥቶ በ80 ሚሊሰከንድ ውስጥ 50 ላይ የሚወርድ። ሙቀጫው ጆሮ ይነካል፣ ሳይኑ ደረት። ሁለቱ እኩል መጀመራቸውን ሞገዱን አጉልታችሁ በዓይን አረጋግጡ። ጥቂት ሚሊሰከንድ ብትዛነፍ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድና ይሰራረዛሉ።

ርዝመቱን አትልቀቁት። በ124 ፍጥነት አንድ ምት 484 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሲሦው 161። ኪኩ ከ320 በፊት ይለቅ፤ ሦስተኛው ሲሦ የወፍጮው ቤዝ ቦታ ነው። ኪክና ቤዝ ተራ ሲጠብቁ በትንሽ ስፒከርም ይሰማሉ፤ ተደራርበው ሲመጡ ግን በትልቅም ይታፈናሉ።

10. ሉፑን ትራክ አድርጉት። ባለ 8 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው) ሉፕ ላይ ሦስት ሳምንት መቀመጥ የተለመደ በሽታ ነው። መጀመሪያ ባዶ አጥንቱን ዘርጉ፦ 32 ባር መግቢያ፣ 48 ባር ዋና፣ 16 ባር ማረፊያ፣ 48 ባር ዋና፣ 16 ባር መውጫ። በ124 ፍጥነት 32 ባር አንድ ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ ነው፤ ጠቅላላው ከ5 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። መግቢያና መውጫው ኪክና ጠብታ ብቻ ይያዝ፤ ዲጄ ትራኩን ከሌላ ጋር የሚያያይዘው እዚያ ላይ ስለሆነ ዜማ ካለ ይጋጭበታል። የወፍጮውን መነሻ ከማረፊያው ወደ ሁለተኛው ዋና መሸጋገሪያ ላይ፣ የወፍጮውን መቆሚያ መጨረሻው ላይ አድርጉ። የሙከራ ሥራ ነውና ከዚህ በኋላ እንደፈለጋችሁ ስበሩት፤ ግን የሚሰበር ነገር መጀመሪያ ይኑር።

11. ሚክስ አድርጉ፤ ማለትም ድምፆቹን አመጣጥኑ። ከጠብታው ከ300 ኸርዝ በታች፣ ከታንኳው ጉተታ ከ150 በታች ቁረጡ፤ እዚያ ያለው የሐይቁ ነፋስና የሩቅ መኪና ነው። ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት) አድርጉ። እዚህ ከተማ ትራካችሁ በጉልህ የሚሰማበት ቦታ የሰርግ ድንኳን ስፒከር ነው፤ ብዙዎቹ ግራና ቀኙን አንድ አድርገው ነው የሚያጫውቱት። ስፋት እንዲኖረው ብላችሁ የበተናችሁት ቤዝ እዚያ ሲደርስ ራሱን ሰርዞ ይጠፋል። ሁሉም ድምፅ የሚገናኝበትን ማስተር ትራክ ሞኖ አድርጋችሁ ስሙ፤ አንድ ነገር ከጠፋ አሁን አስተካክሉ።

ከዚያ በስልክ ስፒከር፣ በባጃጅ ቴፕ፣ በቤት ቴሌቪዥን ስሙት። የባጃጅ ሹፌር «ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» ካለ ጠብታውን ማለቱ ነው፤ ችግር የለም። «ምን ይላል?» ካለ ግን ኪኩ አልደረሰውም። ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ሆኖ ኤክስፖርት አድርጉ፤ ለማስተር ቦታ ይቀራል።

12. ማስተር፣ ማለትም የመጨረሻው ማስተካከያ። ከሚክሱ አንድ ሳምንት ራቁ፤ የደከመ ጆሮ ከፍተኛ ድምፆችን እየጨመረ ነው የሚሄደው። ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነለት ጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግድ መሣሪያ) አስገቡና ጣሪያውን ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል አድርጉ፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ከፍ ስለሚሉ ያ ክፍተት ከመሰበር ያድናል። አማካይ የድምፅ ልኩ በዩሊን ሲለካ ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ቢሆን ለዳንስ ይበቃል። ስፖቲፋይ በዚሁ መለኪያ ከዜሮ በታች 14 ከሚለው በላይ የጎላውን ራሱ ስለሚቀንሰው፣ ከዚህ በላይ ብትጨምቁት የምታጡት የጠብታውን ሕይወት ብቻ ነው። አራቱንም በአንድ ፕሮጀክት ደርድራችሁ በተከታታይ ስሙ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄዱ ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ እጃችሁ ከተነሣ አልተመጣጠኑም።

ክፍል ሦስት፦ ማውጣት

13. ፈቃዱን በወረቀት ያዙ። አዝማሪ፣ ክራር ተጫዋች፣ ዘፋኝ ካስገባችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ስንት እንደከፈላችሁ፣ ከሽያጭ ድርሻ እንዳላቸውና እንደሌላቸው፣ ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ገጽ አስፍራችሁ ተፈራረሙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝ (ተጫዋች ወይም ዘፋኝ) በክወናው ላይ መብት አለው፤ «ዜማው የሕዝብ ነው» ማለት እጁንና ድምፁን አይጨምርም። የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት፣ ጸናጽልና ከበሮ ቀድቶ ዳንስ ትራክ ውስጥ ማስገባት ግን አታስቡት። ምእመኑን ያስቀይማል፤ ዘጌ ሄዳችሁ የሚቀበላችሁ ሰውም አይኖርም።

14. ሽፋንና ስም። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል፣ ጄፔግ። የደረቀ ደንገል በቅርበት የተነሣ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። ርዕሶቹን በአማርኛ ስትጽፉ በላቲን ፊደልም አጻጻፉን ወስኑና በሁሉም ቦታ ያንኑ ተጠቀሙ። አንዱ ቦታ ላይ በአንድ «ኤን»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤን» ከተጻፈ የፍለጋ ማሽን ሁለት ሰው ያደርጋችኋል።

15. ጫኑ። ዌቭ፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት አውጡ። አንድ ደቂቃው 16 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አራቱ ትራክ 320 ይደርሳል። ሌሊት፣ በዋይፋይ፣ አንድ በአንድ ጫኑ፤ በመሀል ኔትወርክ ቢቋረጥ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ባንድካምፕ ይሻላል፤ አድማጩ እየከፈለ የሚያወርድ ስለሆነና ዲጄዎች ጥራቱ ያልተቀነሰ ፋይል የሚያገኙበት ስለሆነ። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል። ግን ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ክፍያ የሚልከው በፔይፓል ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተ የፔይፓል አካውንት ደግሞ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አያገለግልም። ስለዚህ ወይ በነፃ ልቀቁት፣ ወይ ውጭ ካለ አሳታሚ ጋር ተዋዋሉ። በቪፒኤን ሌላ አገር ያላችሁ መስላችሁ አካውንት መክፈት አካውንቱንም ገንዘቡንም ያሳግዳል።

ስፖቲፋይና ሌሎቹ ጋ በአከፋፋይ በኩል ነው የሚገባው። አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ስፖቲፋይ ለአጫዋች ዝርዝር አዘጋጆች ጥቆማ የሚቀበለው ከመውጫው ቀን ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው ነው። የእያንዳንዱን ትራክ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አከፋፋዩ ይሰጣችኋል፤ ደብተር ላይ ገልብጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ለወዳጆቼ ሁሉ «ማታ 2 ሰዓት ይለቀቃል» ብዬ ቅጹ ላይ 2 ፒኤም ሞላሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጣ። ስንሰበሰብ ስድስት ሰዓት ያደረ ዜና ሆኖ ነበር። ማታ 2 ሰዓት እዚያ 8 ፒኤም ወይም 20 ሰዓት ነው። ማስጀመሪያ ምሽት ካሰባችሁ ደግሞ ዓቢይ ጾም ውስጥ አትጣሉት፤ ቤቱን ብታገኙ ሰው አታገኙም።

16. ለዲጄዎች ላኩ። ከመውጫው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ለእያንዳንዱ በስሙ፣ ሦስት መስመር፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ድምፁ ከምን እንደተሠራ፣ ማዳመጫ ሊንክ። ፋይል አታያይዙ፤ 80 ሜጋባይት ሳይጠየቅ የመጣለት ሰው ሳይከፍተው ያጠፋዋል። ፍጥነቱ 124 መሆኑን፣ ቅኝቱም ከ440 በ35 ሴንት ከፍ ማለቱን ጻፉለት። በዜማ እያስማማ የሚያያይዝ ዲጄ ይህን ካላወቀ ትራካችሁ ሳይቃኝ የወጣ ይመስለዋል።

በተደጋጋሚ የሚላኩልኝ ችግሮች

*«ድምፁን አጸዳሁት፣ ግን ውሃ ውስጥ ያለ መሰለ።»* ኦዳሲቲ ላይ ጫጫታ መቀነሻውን አብዝታችሁታል። ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ብቻ ቀንሱ፤ የቀረውን የሐይቅ ሽሽታ ተዉት፣ ኪኩ ሲገባ አይሰማም።

*«ክራሩ ብቻውን ጥሩ ነው፣ ከሲንቱ ጋር ግን አይሄድም።»* ቱነሩ 440 ላይ ቀርቷል። ቁጥር 8ን እንደገና አንብቡና ክራሩን ደግማችሁ ቅዱ።

*«ሁሉም ነገር ትክክል ነው፣ ግን አያስጨፍርም።»* ጠብታውን ዝጉና ኪክና ቤዙን ብቻቸውን ስሙ። ትከሻችሁ ካልተነሣ ቤዙን በ20 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ግፉት። አሁንም ካልተነሣ በ20 ወደ ፊት አምጡት። በሁለቱም እምቢ ካለ ያንን ትራክ አውጡና ኢፒውን ባለ 3 አድርጉት።

*«ዝናብ ጀመረ፤ እስከ መስከረም ልጠብቅ?»* አትጠብቁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ስልኩን ትራስ ላይ አስቀምጡና 10 ደቂቃ ቅዱ፤ መጀመሪያ ባልዲውን ከጓሮው አንሡ።